በፍልሰታ የተበላ ጥብስ

«አጥንቱን እያየሽው ትክጃለሽ? ያውልሽ እኮ!» ከውሰር ጣቷን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ተከለችው።

«ጣትሽን አንሺ፤ አባትሽ ሲመጣ የሚቆጣው እኔን ነው» አለች ሰምሃል።

«አታምልጪኝ። አጥንት ነው፣ አይደለም?»

«እሺ፣ አጥንት ነው። እና ምን ይጠበስ?»

«የሚጠበሰውማ ተጠብሷል። ወንድምሽ እየበላው ነው።»

ሰምሃል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። አሁን ከሳቀች መሸነፏ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ዩኒፎርማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለው የከውሰር አባት ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አባትየው ለዐሥር ሰዓቱ ሶላት መስጊድ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ቤቱን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሲጠብቁ ደግሞ ያሻቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ሰሞኑን ያሻቸው ነገር አንድ ብቻ ነው።

«ከወይኒ ጋር በመንገድ ላይ» ይባላል። ዘፋኟ ወይኒ በክረምቱ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረች ኮንሰርት ስታሳይ፣ ካሜራ አብሯት ዞሮ ያመጣው ፊልም ነው። ዘፈኑ ጥቂት ነው። የሚበዛው ሌላው ነገር ነው፤ አውቶቡሱ፣ ሜካፑ፣ ልምምዱ፣ መድረክ ላይ ልትወጣ ስትል ያለቀሰችው ለቅሶ። ፊልሙ በመስከረም መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያላየው የለም። ከተማሪው ሁሉ ግን ፊልሙ ላይ ወንድም ያላት ሰምሃል ብቻ ናት። ወይኒና አምስት ወንዶች አንድ ትሪ ከበው ምሳ ሲበሉ፣ ከመካከላቸው ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው ቀጭኑ ልጅ፣ አፉን ሞልቶ ወደ ካሜራው የሚስቀው፣ አሉላ ነው። ከሥሩ በቢጫ ፊደል ይነበባል፦ «ደሴ፣ ነሐሴ 8፣ ከኮንሰርቱ በፊት»።

«ነሐሴ ስምንት ምንድን ነው?» አለች ከውሰር፣ እንደ አስተማሪ እጇን አጣምራ።

«ቀን ነው።»

«ፍልሰታ ነው፣ አንቺ! እኔ ሙስሊሟ ላስታውስሽ? ደግሞ በክረምቱ ረመዳንም አብሮ ነበር። የእናንተም ጾም፣ የኛም ጾም፣ ሁሉም ጿሚ። አጎቴን እዪው እስቲ። ጃዋርን። በጠራራ ፀሐይ ኮካ ሲጨልጥ!»

«መንገደኛ ማፍጠር ይችላል ብለሽኝ የለም?»

«ይችላል። አጎቴ ግን አያደርገውም። ካቻምና ጅማ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ ጠብታ ውሃ አልቀመሰም። ወይኒስ? ትንሽ ወደ ኋላ መልሺው፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ‹ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ቀን ገድፌ አላውቅም› ትላለች። ወዲያው ቅልጥም ትግጣለች። በቃ፣ ሙድ እየያዙብን ነው።»

«ፊልም ነው፤ ምን ቸገረሽ አንቺ?»

«ሽፋኑ ላይ ‹ከመጋረጃው ጀርባ ያለው እውነት› ይላላ! እሺ፣ ሥጋውን ተይው። ግድግዳውንም አውቀዋለሁ።»

«የምን ግድግዳ?»

ከውሰር ከበላተኞቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አሳየቻት። ከላይ እስከ ታች የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ተለጥፎበታል። «ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው። ይሄ ደሴ አይደለም፣ እዚሁ ሰፈራችን ነው። የአጎቴ ባንድ የሚለማመድበት ቤት ነው። ስንቴ ምሳ አድርሼለታለሁ መሰለሽ።»

ሰምሃል ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «አንቺ የቀናሽው፣ አጎትሽን ማንም ሳያየው ወንድሜ ስለታየ ነው» አለች።

«በቃ፣ አልተናገርኩም» አለች ከውሰር፤ የተመለሱ ሲዲዎችን አንድ በአንድ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ሰምሃል ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መንገድ ላይ ራሷን ታዘበችው። የወይኒ ጾም ምኗም አይደለም። ዘፋኝ ጾመችም ገደፈችም የራሷ ጉዳይ ነው። የከነከናት ቀኑ ነው።

ነሐሴ ስምንት እናቷ ወይዘሮ ዘውዲ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን የተደረገችበት ቀን ነው። ሰምሃል ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከአባቷ ጎን ቆማ ነበር። አባቷ አቶ ሓዱሽ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ይዞ ነበር፤ የአሉላ ድምፅ ለእሷም ተሰምቷታል። «ደሴ ነኝ አባ። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል። መኪና አያልፍም።» አባቷ ስልኩን ዘግቶ ባዶውን ግድግዳ ሲያይ ቆየ።

ያ ስልክ ራሱ እንደ ተአምር ነበር። አሉላ ኮሌጁን አቋርጦ ከሙዚቀኞች ጋር የድምፅ ሠራተኛ የሆነ ቀን አባቷ «ከአዝማሪ ጋር የሚዞር ልጅ የለኝም» ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ስሙንም አልጠራም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አሉላ ብርቱካን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣም አላናገረውም። ያናገረው ፊልሙ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ አላይም ብሎ ጀርባውን ሰጠ። ቀጥሎ ቆሞ አየ። ቀጥሎ ተቀምጦ። በሳምንቱ አንድ ቅጂ ገዝቶ ቡልጋሪያ ኤምባሲ አጠገብ ወዳለው የመለዋወጫ ሱቁ ወሰደው። አሁን «ልጄ እኮ መንገድ ተዘግቶበት ነው እንጂ እናቱን ሳያይ አይቀርም ነበር» እያለ ለደንበኞቹ የሚያወራው እሱ ራሱ ነው። እሑድ እሑድ አሉላ ከለገሃር ጀርባ ከተከራየው ክፍል ለምሳ ይመጣል፤ አባቷም ወጡ መሀል ያለውን ሥጋ ወደ እሱ ገፋ ያደርግለታል።

ይህ ሁሉ የቆመው በዚያች አንዲት ምስል ላይ ነው። ምስሏ ደግሞ ከደሴ ካልመጣች፣ አሉላ በዚያ ቀን የት ነበር?

ቤት ስትደርስ እናቷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ያንኑ ፊልም ታያለች። ሰምሃል ሳትቀመጥ ከኋላዋ ቆማ አየች። ካርቶኑ አለ። አጥንቱ አለ። ከዚህ በፊት ወንድሟን ብቻ ስታይ ኖራ፣ አሁን ከወንድሟ በቀር ሁሉንም ነገር አየች።

«ምነው ቆምሽ ጓለይ፣ ልጄ?» አለች እናቷ ዞር ሳትል።

«ምንም።»

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ከውሰርን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አገኘቻት። «ግድግዳውን አሳዪኝ» አለቻት።

«ይቅርታ የሚባል ነገር እናንተ ቤት የለም?»

«ግድግዳውን ካየሁ በኋላ።»

«ደፋር!» አለች ከውሰር፤ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ የጠበቀቻት እሷ ናት።

ቤቱ ከቡና ቤቶቹ ጀርባ፣ ጣሊያን ከሠራቸው አሮጌ ቤቶች በአንደኛው ሥር ያለ ክፍል ነው። ከውሰር ሳታንኳኳ ገባች። ጃዋር፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከከበሮዎቹ መሀል ተቀምጦ ብሎን ያጠብቃል። ሰምሃል ሰላምታም ሳትሰጥ ዓይኗ ግድግዳውን ፈለገ። የእንቁላል ካርቶኖቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። በግራ በኩል አንዱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ በፊልሙም ላይ እንዲሁ በግራ በኩል አንዱ ተንጠልጥሏል።

«የአሉላ እህት ናት» አለች ከውሰር።

«አውቃታለሁ። አድገሻል! ግቢ።»

«ጋሽ ጃዋር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ኧረ አንተ በይኝ፣ አታስረጂኝ። በዚህ ፀጉር ላይ ‹እርስዎ› ሲጨመርበትማ አለቀልኝ።» መላጣውን ዳበስ አደረገ። ሰምሃል አልሳቀችም፤ እሱም የሚያጠብቀውን ብሎን ተወው።

«ምሳ የምትበሉበት... ፊልሙ ላይ ያለው። ደሴ ነው?»

ጃዋር ከውሰርን አያት። ከውሰር ጣሪያውን አየች።

«ደሴ የተቀረፀውን ካሴት ዝናብ በላው» አለ ጃዋር። «ካሜራማኑ መኪና ላይ ረስቶት፣ ውሃ ገባበት። ከመድረኩ በቀር የተረፈ ነገር የለም። ፊልሙን የሚያሠራው ሰውዬ ደግሞ ለመስከረም አደርሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ስለዚህ የመስቀል ማግስት ሁላችንንም ሰበሰበና እዚሁ ደግመን ሠራነው፤ ደሴ እንዳለን ሆነን። ቀኑን ከጉዞው ፕሮግራም ላይ እያየ ጻፈው። እኔ ነግሬዋለሁ እኮ! ‹ሰውዬ፣ ይሄ ጾም ነው፣ የሰው መሳቂያ ታደርገናለህ› ብዬዋለሁ። ‹ማን ያየዋል› አለኝ።»

«እኔ አየሁት» አለች ከውሰር።

«አንቺ ምን የማታዪው አለ!»

«አሉላም ደግሞ ለመሥራት ነው የመጣው?» አለች ሰምሃል።

ይህን ስትጠይቅ የጃዋር ፊት ተለወጠ። መዶሻ የሚያህለውን የብሎን መፍቻ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። «እሱን ራሱን ብትጠይቂው አይሻልም?»

«ደሴ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«የኔ እህት፣ እኔ ነገር ማቀባበል አልወድም።»

«አልነበረም ማለት ነው።»

«ደብረ ብርሃን ላይ ነው የወረደው» አለ ጃዋር በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥሩ ልጅ ነው። ለቀረፃው ሰው ሲያንሰን እኔ ነኝ የጠራሁት። ክፉ አላደረግኩም ብዬ ነው።»

ሲወጡ ከውሰር ክርኗን ያዝ አደረገቻት። «ሰሚ፣ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ማለቴ፣ ሥጋውን ብቻ ነው ነቄ ያልኩት። ወላሂ።»

«አውቃለሁ» አለች ሰምሃል። «ይቅርታ።»

«አሁን እንኳ ባትዪውም ይሁን» አለች ከውሰር።

ሰምሃል ብቻዋን ወደ ለገሃር ወረደች። አሉላ ከሚኖርበት ግቢ በር ላይ፣ ከአንድ ፒክአፕ መኪና የሠርግ ስፒከር ያወርዳል። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው እንደመቅረት አለ። የሰው ፊት ቶሎ ያነባል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥፋት የሚደብቅ ልጅ እንዲህ ነው።

«እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ደሴ እንዴት ነበር?»

«ስትዪ?»

«ነሐሴ ስምንት ቀን።»

ስፒከሩን መሬት አስቀመጠና ላዩ ላይ ተቀመጠበት። መኪናው ላይ ያለውን ጓደኛውን «አንዴ ጠብቀኝ» አለው። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ደብረ ብርሃን ለምን ወረድክ?»

አሉላ የጫማውን አፍንጫ እያየ ነው ያወራው። «አምፕሊፋየር አቃጠልኩ። ጄኔሬተሩን፣ ማለቴ፣ ኃይሉን ሳላይ ሰካሁት። ጭስ በጭስ ሆነ። ማናጀሩ ሰው ሁሉ ፊት ‹ውረድ› አለኝ። ወረድኩ። በቃ።»

«ከዚያስ?»

«ወደዚህ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«አባ ሲደውልልህ የት ነበርክ?»

«ካዛንቺስ» አለ። «ፑል ቤት።»

ኮሪደሩ፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ አባቷ ጆሮው ላይ አጥብቆ የያዘው ስልክ ፊቷ ላይ መጣባት። ከፑል ቤቱ እስከ ሆስፒታሉ በእግር ይደረሳል፤ ለዚያውም ሳይቸኩሉ። «ፑል ቤት!» አለች። «እማ ሞታ ቢሆንስ?»

«እንደዚህ አትበይ።»

«ሞታ ቢሆንስ?»

«አባ እዚያ ቆሟል እኮ! ምን ልበለው? ‹ልጄ አይደለህም ያልክበት ሥራ እሱም አባረረኝ› ልበለው? ያን ቀን ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ግን መጥቻለሁ። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፤ ሁለት ቀን መጥቻለሁ። ከበሩ ማዶ ቆሜ ተመልሻለሁ።»

«አሁንም ፊልም እየሠራህ ነው» አለችው።

አሉላ ቀና ብሎ አያት። የተመታ ሰው ይመስል ነበር። ቢሆንም አላመነችውም። ከትናንት ጀምሮ የምታየው ሁሉ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳለበት ሆኖባታል፤ የሰው ቃል ይቅርና ከመኪናው የሚወርደው ስፒከር እንኳ ባዶ ሣጥን መስሏታል።

«ለአባ ልትነግሪው ነው?»

«አንተ ትነግረዋለህ። እሑድ ለምሳ ትመጣ የለም? ከእሑድ ካለፈ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ሰሚ፣ ገና አሁን እኮ ነው ያናገረኝ...»

«እሑድ» ብላ ሄደች።

እሑድ ምሳ ቀረበ፣ አሉላ አልመጣም። አባቷ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ አየ። «ሠርግ በዝቶበት ነው» አለ፤ ከወጡ ደህና ደህናውን በሌላ ሣህን አስነስቶ አስከደነው። ሣህኑን የከደነችው እናቷ ናት። ዛሬ ማታ እናገራለሁ፣ አለች ሰምሃል በልቧ። እንግዳ ሳይኖር፣ ሦስታችን ብቻ ስንሆን። «አባ፣ አንድ ነገር አለ» ብላ ስትጀምር ድምፅዋ እንዴት እንደሚሆን ሳይቀር ሞከረችው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ማሚት ከሁለት የዕድር ሴቶች ጋር መጡ። ደብረ ዘይት ልጃቸውን ሲያርሱ ክረምቱን ስላሳለፉ ዘውዲን ሆስፒታል ሳይጠይቋት ቀርተዋል። አምቦ ውሃና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ገና ከበሩ ጀምሮ ይቅርታ እየጠየቁ ነው የገቡት። «ሳልጠይቅሽ ቀርቼ መንገድ ላይ እንኳ ሳይሽ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር፣ ዘውዲዬ። ዛሬ ነገ ስል፣ በዘገየሁ ቁጥር መምጣቱ እየከበደኝ!»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ ማሚት፤ የመጣ ሰው ይወቀሳል?» አለች እናቷ፣ ተነሥታ እየሳመቻቸው። «ዋናው መግባትዎ ነው።»

አቶ ሓዱሽ እንግዶቹን አስቀምጦ ለስላሳ ሊያመጣ ወደ ሱቅ ሲወጣ፣ እንደተለመደው፣ «ሰምሃል፣ የአሉላን ክፈቺላቸው» ብሎ ሄደ። ሰምሃል ከፈተች። ሴቶቹ ስለ ወይኒ ቀሚስ አሙ፤ ስለ አውቶቡሱ ወንበር ተገረሙ። ወይኒ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስለ ፍልሰታ ስትናገር እትዬ ማሚት «ታድላ!» አሉ። ትሪው መጣ። አሉላ ሳቀ። ቢጫው ጽሑፍ ወጣ።

«ቆይ ቆይ» አሉ እትዬ ማሚት፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት ስበው። ዓይናቸው ከመነጽር ጋር እንደማንም ያነባል። «ነሐሴ ስምንት? ሥጋ? በፍልሰታ?» አማተቡ። «አሁን ፍልሰታን አልገድፍም ያለችው ይቺው አይደለችም? ልጅሽም አብሯት ይበላል እንዴ፣ ዘውዲ?»

ሰምሃል ወደ እናቷ ዞረች። ይኸው፣ አሁን ራሱ መጣ፤ እኔ ሳልጀምረው። አፏን ከፈተች።

«ኧረ እሱስ የመስቀል ማግስት ነው» አለች እናቷ፣ ብርቱካን እየላጠች። «እዚሁ ካዛንቺስ ነው የቀረፁት። ቀኑን ያለቦታው ጽፈውት ነው።»

«ደሴ ይላል እኮ!»

«ይበል። ፊልም አይደል?»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ማሚት «እንዴት ያለ ሥራ ነው እናንተዬ!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። ወዲያው ደጃፉ ላይ የጠርሙስ ሣጥን ሲንኳኳ ተሰማ፤ እናቷ ሪሞቱን ከሰምሃል እጅ ወስዳ ምስሉን አሳለፈችው። «የልጅ ልጅዎን ስም ማን አላችሁት?» አለች፣ አባቷ ገና በሩን ሳይገፋ። እትዬ ማሚት ወደ አራስ ቤቱ ወሬ ገቡ። ሰምሃል አፏን መዝጋት ረስታ ነበር።

እናቷ ለብርጭቆ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ተከተለቻት።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ካዛንቺስ መሆኑን። መስቀል መሆኑን።»

ዘውዲ ብርጭቆ ታለቀልቅ ጀመር። «ፍልሰታ መሆኑን ለማወቅ ማን ይንገረኝ? መስቀል መሆኑን ጃዋርን መንገድ ላይ አግኝቼው ጠየቅኩት። እሱ ምን መደበቅ ይችላል!» አንዱን ብርጭቆ ደፍታ ሌላውን አነሣች። «ደሴ አለመኖሩን ግን ያን ጊዜም አውቄያለሁ። ሆስፒታል አልጋዬ መስኮቱ ሥር አልነበር?»

ሰምሃል የማድ ቤቱን በር ተደገፈች።

«አባትሽ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ፣ አንቺ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። ከበሩ ማዶ፣ ማስቲካ ከሚሸጡት ልጆች አጠገብ ቆሞ አየሁት። ዝናቡ ይመታዋል። ቁስሉ እያመመኝ ቀና አልኩና ፀጉሬን አበጠርኩ። ተጎሳቁዬ ሲያየኝ እንዳይደነግጥ ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መሸ።»

ውሃው በቧንቧው ይወርዳል። እናቷ ዘጋችው።

«በማግስቱም መጣ» አለች።

«በማግስቱም አበጠርሽ?»

ዘውዲ ብርጭቆዎቹን በፎጣ አድርቃ ትሪው ላይ ደረደረቻቸው። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ አልልሽም» አለች። «ትልቅ ልጅ ነሽ።»

«ለምን ለራሱ ለአሉላ አልነገርሽውም? አይቼሃለሁ ብትዪው...»

«እሱ ይንገረኝ ብዬ ነዋ። ስንት እሑድ መጣ። በልቶ፣ ስቆ ይሄዳል።»

«ዘውዲ!» አለ የአባቷ ድምፅ ከሳሎን፣ ደስ ብሎት። «ነይ እንጂ! ወደ ኋላ መልሼዋለሁ፤ የኛ ልጅ ጋ ሊደርስ ነው!»

እናቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ፊቷ ላይ ፈገግታ አመጣች። ሰምሃል ከክረምቱ ወዲህ በየቀኑ ያየችው ፈገግታ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ዛሬ ገና አየች።

ትሪውን ይዛ ተከተለቻት። ለእትዬ ማሚት ቀዳች፣ ለሌሎቹ ቀዳች፣ ለአባቷ ቀዳች። ማንም ብርጭቆውን አላየም። አባቷ ሪሞቱን እንደ በትር ቀስሮ «ያውና! ያውና ገመዱን የያዘው!» ይላል፤ እትዬ ማሚት ከእናቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተው አገጫቸውን ወደ ነጠላቸው ቀበሩ። የግድግዳው ሰዓት ዐሥር ሰዓት ገና አልሞላም። ለመምሸት ብዙ ይቀራል፤ አሉላ ዘንድ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል።

ሰምሃል ከበሩ ጀርባ ሹራቧን አወረደች። በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መሀል ጎንበስ ብላ ስታልፍ እትዬ ማሚት እግራቸውን ሰበሰቡላት፤ ዓይናቸውን ግን አላነሡም። በሩን ቀስ ብላ ገጠም አደረገችው። ከኋላዋ አባቷ ሲስቅ ይሰማል።

ታክሲ ተራው ላይ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር አንድ ሰው!» ይላል። ገባች።